የአክስት ልጅ ጎረቤት፣ የቢሮ ጎረቤት ወይስ ሰፊ ቤት?

«ጤና ይስጥልኝ። የዓምድዎ ተከታታይ አንባቢ ነኝ። ዕድሜዬ 27 ነው። ያደግኩት በትንሽ ከተማ ሲሆን አሁን በአንድ ትልቅ ከተማ የሒሳብ ሥራ አግኝቼ ከአምስት ሳምንት በኋላ እጀምራለሁ። ከተማዋን የማውቃት ለፈተናና ለቃለ መጠይቅ ብቅ ብዬ ብቻ ነው። ሦስት የቤት አማራጮች አሉኝ። አንዱ ከቢሮዬ በእግር 25 ደቂቃ የሚያስኬድ ጠባብ ስቱዲዮ ነው፤ ኪራዩ ግን የደመወዜን ግማሽ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው። ሌላው ከከተማው ዳር፣ አዲስ ሕንፃ ላይ፣ ባለሁለት መኝታ ነው። ኪራዩ የደመወዜን ሲሶ አይሞላም፤ ግን ሁለት አውቶቡስ ይያዛል። ደላላው 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይፈጃል ብሎኛል። ሦስተኛው የአክስቴ ልጅ የምትኖርበት ሰፈር ነው። በአንድ አውቶቡስ 45 ደቂቃ ያህል ያስኬዳል፤ ኪራዩም መካከለኛ ነው። እሷ ያለችበት ሕንፃ ላይ የሚለቀቅ ቤት ስላለ “አጠገቤ ሁኚ” ትለኛለች። ቤተሰቦቼም ከዚያ ሌላ አይታሰብም ብለዋል። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ነፃነት እፈልጋለሁ። የባለሁለት መኝታው ደላላ በዚህ ሳምንት ቀብድ ካልላክሽ ቤቱ ይወሰዳል እያለ ያጣድፈኛል። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። የትኛው ይሻለኛል ይላሉ?»

ግራ የገባኝ

ውድ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ቀብዱን አትላኪ።

ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን፤ ይቺ ግን አትቆይም። በዓይንሽ ያላየሽው ቤት፣ የማታውቂው ሰፈር፣ የአንድ ዓመት ውል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጥድፊያ። ደላላው እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ተከራይም ይዞ ይሆናል። ይወሰድ። ትልቅ ከተማ ውስጥ በየሳምንቱ ቤት ይለቀቃል። የሰው ቤት ፎቶ እየለጠፉ ከአምስትና ከስድስት ሰው ቀብድ የሚሰበስቡ ግን በየትኛውም ከተማ አይጠፉም። የሚያጠምዱትም እንዳንቺ ሩቅ ሆኖ የሚፈልገውን ሰው ነው። መጥቶ እንደማያይ ያውቃሉ። ቤቱን አይተሽ፣ አከራዩን በአካል አግኝተሽ፣ ቤቱ የእሱ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ተመልክተሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ገንዘብ የሚወራው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። ስለ መኝታ ቤት ብዛትና ስለ ኪራይ ብዙ ጽፈሻል፤ ስለ መንገዱ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈሽዋል። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው። ቤቱን ይመርጥና መንገዱን «ይለመዳል» ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን የሚለመደው ቤቱ ነው ባይ ነኝ። ጠበበም ሰፋም በሁለት ወር ውስጥ ዕቃሽ ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ስፋቱንም ጥበቱንም አታስቢውም። መንገዱ ግን በየቀኑ አዲስ ነው። አንድ ቀን ዝናብ፣ አንድ ቀን የመኪና አደጋ፣ አንድ ቀን ደግሞ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳይቆም ያልፍሻል። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አይለምደውም።

ይህ የኔ ስሜት ብቻ አይደለም። አሎይስ ስቱትዘርና ብሩኖ ፍሬይ የተባሉ ሁለት የስዊዘርላንድ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች የጀርመን ቤተሰቦች ለዓመታት የሰጡትን መረጃ ይዘው ይህንኑ መርምረው ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል ነው። ሰው ሩቅ የሚኖረው ቤቱ ስለረከሰለት ወይም ደመወዙ ስለበለጠለት ከሆነ፣ ጥቅሙ ድካሙን ሊያካክሰው ይገባል። ስለዚህ ሩቅ ያለውም ቅርብ ያለውም በኑሮው እኩል መደሰት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ያገኙት ሌላ ነው። መንገዱ በረዘመ ቁጥር ሰዎቹ በኑሯቸው ያላቸው እርካታ ቀንሶ ነው የተገኘው። ቤቱን ሲይዙ ያዋጣናል ብለው ነው፤ ግን አላዋጣቸውም።

እስቲ ያንቺን እናስላው። የደላላ ሰዓት ብዙ ጊዜ እሑድ ጠዋት የተለካ ነው፤ ቢሆንም 1 ሰዓት ከ20 ያለውን በቃሉ እንያዘው። ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። በወር 22 የሥራ ቀን ቢኖርሽ 58 ሰዓት ከ40 ደቂቃ መንገድ ላይ ነሽ ማለት ነው። ከስቱዲዮው በእግርሽ ብትመላለሺ ደግሞ 18 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ልዩነቱ 40 ሰዓት ያልፋል፤ አንድ ሙሉ የሥራ ሳምንት ነው። በየወሩ አንድ ሳምንት ያለ ደመወዝ ትሠሪያለሽ፤ ያውም ቆመሽ። ያ ሁለተኛ መኝታ ቤት ይህን ያወጣል? እኔ አይመስለኝም። እንግዳ በየሳምንቱ የማይመጣብሽ ከሆነ ካርቶን ማስቀመጫ ነው የሚሆነው።

ሁለት አውቶቡስ መያዙም የራሱ ጣጣ አለው። ሰው ቆሞ የሚጠብቀው አሥር ደቂቃ ተቀምጦ ከሚጓዘው አሥር ደቂቃ በጣም ይረዝምበታል። የትራንስፖርት ባለሙያዎችም ይህን ስለሚያውቁ መስመር ሲያቅዱ የመጠበቂያን ደቂቃ ከጉዞው ደቂቃ አብልጠው ነው የሚቆጥሩት። የመጀመሪያው አውቶቡስ ትንሽ ከዘገየ ደግሞ ሁለተኛው ያመልጥሻል። ስለዚህ በአንድ ትራንስፖርት የሚኬድ 45 ደቂቃ፣ በሁለት ከሚኬድ 45 ደቂቃ ጋር እኩል አይደለም። ይህን ስትሰሚ ልብሽ ወደ ስቱዲዮው ሳይሮጥ አልቀረም። ቆይ፣ እሱም የራሱ ነገር አለው።

«ኪራይ ከገቢ 30 በመቶ አይብለጥ» የሚል ነገር ሳትሰሚ አትቀሪም። ብዙ ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ያየዋል። አመጣጡ ግን ከአሜሪካ የመንግሥት ቤቶች ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሕግ አውጪዎቹ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው የመንግሥት ቤት ተከራዮች ከገቢያቸው ከ25 በመቶ በላይ እንዳይከፍሉ ወሰኑ፤ በ1981 ደግሞ ወደ 30 ከፍ አደረጉት። አንድ አገር ለአንድ ፕሮግራም ያወጣው ቁጥር ነው። ስለዚህ 35 በመቶ ከፍለሽ የትራንስፖርቱን ወጪ ብታተርፊ ሰማይ አይደፋብሽም። ኪራዩን ለብቻው አትይው፤ ኪራይና ትራንስፖርት ተደምሮ ነው የሚታየው።

ግማሽ ደመወዝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዲስ ሠራተኛ ነሽ፤ የሙከራ ጊዜ ይኖርሻል። ሥራው ላይስማማሽ ይችላል፤ ቢሮው ራሱ ወደ ሌላ ሰፈር ሊዛወር ይችላል። ለአንድ ሕንፃ ቅርበት ብለሽ ግማሽ ደመወዝሽን ለዓመት ካሰርሽ፣ ሥራው ባይሆን እንኳ ለመልቀቅ እጅሽ ይታሰራል። ለቢሮሽ ብቻ ሳይሆን ቢሮዎች ለሚበዙባቸው ሰፈሮች ሁሉ የሚሆን መስመር ላይ ያለ ቤት የተሻለ ነው። ነገ ሥራ ብትቀይሪም ቤት አትቀይሪም።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው መጣን። እኔን ከጠየቅሽኝ የደብዳቤሽ ልብ ያለው እዚህ ነው። «ትንሽ ነፃነት እፈልጋለሁ» ያልሽውን አንብቤ ፈገግ ብያለሁ። የአክስትሽን ልጅ አላውቃትም፤ መልካም ሰው ትሆናለች። ነገር ግን አንድ ደረጃ እየተጠቀማችሁ አንቺ ማታ ስንት ሰዓት እንደገባሽ፣ ማን እንደሸኘሽ፣ ቅዳሜ የት እንደዋልሽ ሳታስበው እንኳ ታየዋለች። ያየችውን ለእናቷ ታወራለች። አክስትሽ ደግሞ ለእናትሽ ትደውላለች። ማንም ክፉ ሳያስብ አንቺ 27 ዓመት ሞልቶሽ የገባሽበትን ሰዓት የምታስረጂ ልጅ ትሆኛለሽ።

በሌላ በኩል የቤተሰቦችሽን ፍርሃት አታጣጥዪው። እነሱ የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። ሌሊት ትኩሳት ቢነሳብሽ ማን ይደርስልሻል? ቁልፍ ቢጠፋብሽ ማን ጋ ታድሪያለሽ? ሰው የማታውቂበት ከተማ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባድ ናቸው፤ በተለይ እሑድ ከሰዓት በኋላ።

ስለዚህ ያንን ሰፈር ያዢ፤ ያንን ሕንፃ ግን ተዪው። ከእሷ ቤት አንድ ሁለት ፌርማታ ራቅ ያለ፣ በዚያው አውቶቡስ መስመር ላይ ያለ ቤት ፈልጊ። ትርፍ ቁልፍሽ እሷ ጋ ይቀመጥ። ለቤተሰቦችሽም በግልጽ ንገሪያቸው፤ «አሥር ደቂቃ ነው የምንራራቀው፣ ቁልፌም እሷ ጋ ነው» ስትያቸው ግማሹ ጭንቀታቸው ይቀላል። ለእሷም ደውለሽ እንዲህ በያት፦ «የኔ እህት፣ ሕንፃሽ ላይ ያለውን ቤት አልወስደውም፤ ከሥራ ስወጣ አምሽቼም ልመጣ ስለምችል ራሴን ችዬ ብሆን ይሻለኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አብረን ነን።» ብትቀየም እንኳ የአንድ ሳምንት ቅያሜ ነው። ተቀራርቦ ከሚመጣው ይሻላል።

ጓደኛ ማፍራቱ ደግሞ የሚያስፈራሽ ከሆነ፣ ዝምድና ብቻ አይደለም ሰውን የሚያቀራርበው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ ኤም.አይ.ቲ. በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ባለትዳር ተማሪዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1950 ውጤቱን አሳትመው ነበር። ተማሪዎቹ ጎረቤታቸውን አልመረጡም፤ የተገኘው ክፍት ቤት ነው የተሰጣቸው። ከሁሉ በላይ ወዳጅ የሆኑት ግን በር ለበር የሚኖሩት ናቸው። ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር በብዛት የተግባቡት ደግሞ ደረጃውና የፖስታ ሳጥኑ አጠገብ የሚኖሩት ነበሩ። ሰው ወጪ ገቢውን ይወዳል እንጂ ዘር ቆጥሮ አይደለም ማለት ነው። ቤት ስታዪ ሰው እግረ መንገዱን የሚገናኝበት ቦታ መኖር አለመኖሩን ተመልከቺ፤ ግቢም ይሁን፣ አግዳሚ ወንበርም ይሁን፣ የጋራ መግቢያም ይሁን። ሁሉም ከመኪናው ወርዶ በቀጥታ በሩን የሚዘጋበት አዲስ ሕንፃ ላይ ዓመት ኖረሽ የአንድ ሰው ስም ላታውቂ ትችያለሽ።

ግን ይህን ሁሉ የምልሽ ወረቀት ላይ ነው። 45 ደቂቃው እውነት 45 ደቂቃ መሆኑን ሄደሽ እስክታዪው ድረስ ማንም አያውቅም። አምስት ሳምንት አለሽ፤ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ቆርሰሽ ከተማዋ ሂጂ፤ የሥራ ቀን ይሁን። ለእነዚያ ቀናት የአክስትሽ ልጅ ጋ እረፊ፤ ለዚህስ ደስ ይላታል። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ሥራ እንደሚገባ ሰው ለብሰሽ፣ ሥራ የሚገባ ሰው በሚወጣበት ሰዓት ፌርማታው ላይ ተገኚ። ስንት አውቶቡስ ሞልቶ እንዳለፈሽ ቁጠሪ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፦ ሰፈሩ የመስመሩ መነሻ ነው ወይስ መሀል? መነሻ ላይ የሚሳፈር ሰው ተቀምጦ ይሄዳል፤ ማንበብም መተኛትም ይችላል። ሦስት ፌርማታ ወረድ ብሎ የሚሳፈረው ደግሞ ያው ዋጋ ከፍሎ በር ላይ ተጣብቆ ነው የሚሄደው። የሁለቱ ቤቶች ኪራይ እኩል ከሆነ ሳታመነቺ ወደ መነሻው የቀረበውን ያዢ። ከዚያ ማታም ተመለሺበት። የመጨረሻው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቂ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ፣ ሒሳብ ሲዘጋ ማምሸት አይቀርልሽም።

ከፌርማታው እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ከመሸ በኋላ በእግርሽ ሂጂው፤ መጀመሪያ ግን የአክስትሽ ልጅ አብራሽ ትሁን። መብራቱ ይሠራል? ሱቆቹ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናቸው? ረጅም የግንብ አጥር ብቻ ያለበት፣ መስኮትም በርም የማይታይበት መንገድ ቀን ያምራል፤ ማታ ግን ማንም አያይሽም፣ አንቺም ማንንም አታዪም። ሰው ስትጠይቂ ደግሞ «ሰፈሩ እንዴት ነው?» አትበዪ። መልሱ ሁልጊዜ «ሰላም ነው» ነው። እዚያ የምትኖር ሴት ፈልገሽ «ሲመሽብሽ በየት በኩል ነው የምትገቢው?» በያት። «በዚህ በኩል አቋርጬ» ካለችሽ ጥሩ። «ኧረ እኔስ ዞሬ በአስፋልቱ ነው የምገባው» ካለችሽ ደግሞ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግሽም። የመድኃኒት ቤት ሻጭ፣ የሕንፃ ጥበቃና የባለሱቅ ወሬም ከደላላ ወሬ ይበልጣል፤ ቤቱን ብትይዢው ባትይዢው የሚያገኙት ነገር የለምና።

ቤቱ ውስጥ ስትገቢ ቀለሙን አትዪ። ቧንቧውን ክፈቺና ውሃው እየወረደ ሽንት ቤቱን ልቀቂው፤ ግፊቱ ከሞተ ጠዋት ጠዋት ትቸገሪያለሽ። ቁም ሣጥን ካለ ከኋላው እይ። ከግድግዳው ታችኛው ክፍል ላይ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ እርጥበት ተሸፍኖ ሊሆን ይችላልና ጠይቂ። ምድር ቤት ከሆነና ሰፈሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ በዝናብ ጊዜ ውሃው የት እንደሚደርስ ከጎረቤት ጠይቂ እንጂ ከአከራይ አትጠይቂ። መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆመሽ ስልክ ደውዪ፤ ኔትወርክ የማይገባበት ክፍል አለ። ከዚያ መስኮቱን ዘግተሽ ሁለት ደቂቃ ዝም በዪ። ደላላው መናገር ይፈልጋል፤ አስቁሚው። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የመኪና መንገድ ድምፅ በሌሊት በአማካይ ከ45 ዴሲቤል በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ከዚያ ሲያልፍ እንቅልፍ ይረብሻል ይላል። ዴሲቤል መለኪያ ያዢ አልልሽም። መስኮት ተዘግቶ የመኪናውን ማርሽ ቅያሪ የምትሰሚ ከሆነ ግን ሌሊት አትተኚም። አጠገቡ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ ካለም ግንባታ ሊጀመርበት እንደሆነ አጣሪ። ዛሬ ፀሐይ የሚገባበት መስኮትሽ ከስድስት ወር በኋላ ግድግዳ ሊያይ ይችላል፤ እስከዚያም ከንጋት ጀምሮ የኮንክሪት ማቡኪያ ነው።

ውሉ ላይ የስድስት ወር ጠይቂ። አከራዩ ዓመት ካልሆነ አይሆንም ካለ ደግሞ «አንድ ወይም ሁለት ወር ቀደም ብላ አሳውቃ መልቀቅ ትችላለች» የሚል አንቀጽ ይግባልሽ። በቃል የተባለ ነገር ሲጣሉ አይገኝም። በገባሽበት ቀን የእያንዳንዱን ክፍል፣ የተሰነጠቀውንም የተላላጠውንም ፎቶ አንስተሽ ለአከራዩ ላኪለት፤ ስትወጪ መያዣሽን ሲመልስልሽ ክርክር አይኖርም።

እና ማንም የማይነግርሽ አንድ መንገድ አለ፦ አምስቱ ሳምንት ሳያልቅ የመኖሪያ ቤት መያዝ ግዴታሽ አይደለም። ለመጀመሪያው አንድ ወር ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ክፍል ከቢሮሽ ብዙም ሳይርቅ ያዢ። ለወር ብቻ ከሆነ ውድነቱን ትችዪዋለሽ። እዚያ ሆነሽ ከሥራ ስትወጪ እየዞርሽ ቤት ትፈልጊያለሽ፤ ሰፈሩንም በምሽት ታዪዋለሽ። የአጭር ጊዜ ክፍል ካጣሽ የአክስትሽ ልጅ ጋ እረፊ፤ ግን ገና ሳትገቢ የምትወጪበትን ቀን ንገሪያት። «እስከ ወሩ መጨረሻ» በያት። ቀን ካልተቆረጠ እንግድነቱ ኑሮ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ መውጣት ደግሞ መጣላት ይመስላል።

ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የቀጠረሽ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ጋ ደውዪ። ሦስት ነገር ጠይቂያቸው፦ ከሌላ ከተማ ለሚመጣ ሠራተኛ የማረፊያ ወይም የጓዝ ማጓጓዣ ድጋፍ አላቸው? የሠራተኛ ሰርቪስ ካለ በየት በየት ያልፋል? መግቢያ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ቀደም ወይም ዘግየት ማድረግ ይቻላል? የሰርቪሱ መልስ ብቻውን የሦስቱን ቤቶች ቅደም ተከተል ሊገለብጠው ይችላል። ባለሁለት መኝታው ደጅ ላይ የሚቆም ሰርቪስ ካላቸው ጻፊልኝና እንደገና እናወራለን።